ወንድምህን ብታምነውም ጻፈው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሓባዎቻቸው ላይ ይውረድ።



የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን ብዙዎቻችን ጫማችንን አድርገን ከመስጂድ ስንወጣ የምንረሳውን ዲን የሚመለከት ነው። ስለ ገንዘባችን፣ ስለ ውላችንና ስለ ዕዳችን ነው።

አንድ ጥያቄ ላስቀድም። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ስለ ምን የሚናገር ይመስላችኋል? ስለ ጀነት? ስለ ጀሀነም? ስለ ነቢያት ታሪክ? አይደለም። ስለ ብድር ነው። የሱረቱል በቀራህ 282ኛ አንቀጽ ነው። አብዛኞቻችን በምንቀራበት ሙስሐፍ አንድ ሙሉ ገጽ ይይዛል።

በዚያ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ያመኑትን ጠርቶ እስከ ተወሰነ ጊዜ ስትበዳደሩ ጻፉት ይላቸዋል። ጸሐፊው በፍትሕ ይጻፍ፤ መጻፍ የሚችል ሰው ሲጠየቅ እምቢ አይበል። ቃሉን የሚያስጽፈው ዕዳው ያለበት ሰው ይሁን፤ አላህን ይፍራ፣ ምንም አያጉድል። ምስክሮች ይቁሙ፤ ሲጠሩም እምቢ አይበሉ። ትንሽ ነው ትልቅ ነው ብላችሁ ከነጊዜው መጻፍ አይሰልቻችሁ። ጸሐፊውም ምስክሩም ጉዳት አይድረስባቸው።

አስተውሉ! ይህ ትእዛዝ በመጀመሪያ የወረደው ለማን ነው? ለሌቦች አይደለም። ለአጭበርባሪዎች አይደለም። ለሰሓባዎች ነው! ከዚህ ኡመት ሁሉ ይበልጥ የሚታመኑት ሰዎች ጻፉ ከተባሉ፣ እኔና አንተ ማን ሆነን ነው "እኛ እንተማመናለን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል" የምንለው?

አንድ ነገር በዓይነ ሕሊናችሁ አስቡ። በደብረ ኤልያስ የሚኖሩ፣ አብረው የቀሩ ሁለት ጓደኛሞች አሉ። ጥር ላይ ጤፍ ከአውድማ ሲገባ አንደኛው እህል ገዝቶ ወደ ደብረ ማርቆስ ሊያወጣ ፈለገ፤ ገንዘብ ግን አጠረው። ሌላኛው 40,000 ብር ቆጥሮ ሰጠው። በቃል ነው። ታናሽ ወንድሙ አጠገባቸው ቆሞ አይቷል። "መቼ ትመልስልኛለህ?" ብሎ መጠየቁን እንኳ አፍሮ ተወው።

ገበያው እንዳሰቡት አልሆነም። ወራት አለፉ። አንዱ "40,000 ነው፣ ምንም አልከፈልከኝም" ይላል። ሌላኛው "በመሀል 10,000 ሰጥቼሃለሁ፣ ደግሞ እስከ ዓመት ታገሰኝ ብዬህ ነበር" ይላል። ምናልባት አንዳቸውም አልዋሹ ይሆናል። ሰው ይረሳል። ቀድሞ የሚረሳው ደግሞ የማይጠቅመውን ነው። ከዚያ በኋላ ምን ይመጣል? ሰላምታ ይቀንሳል። አንዱ በፊተኛው ሰፍ ሲቆም ሌላው በኋለኛው ይቆማል። ቤተሰብ በሁለት ይከፈላል። በመጨረሻም ፍርድ ቤት።

እዚያ ሲደርሱ ብዙ ወጣት የማያውቀው ነገር ይገጥማቸዋል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል፣ ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ እንደማይችል ይደነግጋል። 500 ብር በዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ጥቂት ኪሎ ጤፍ ነው። እንግዲህ 40,000 ብር ሲቆጠር በዓይኑ ያየው ታናሽ ወንድም ቆሞ ቢመሰክር፣ የእሱ ምስክርነት ብቻውን ብድሩን አያስረዳም። ሰፈሩ ሁሉ ቢያውቅም ያው ነው።

ወረቀት ከሌለ ለአበዳሪው የሚቀሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የተበዳሪው የእምነት ቃልና መሐላ። በሌላ አነጋገር ጉዳዩ ተመልሶ የተበዳሪው ኢማን ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ወንድሜ ሆይ! ምናልባት ያ ተበዳሪ አንተ ትሆናለህ። ጠበቃህ ወይም ጓደኛህ "ጽሑፍ የለውም፣ ካድ፣ ታሸንፋለህ" ይልህ ይሆናል። በሕግ እውነቱን ነው፤ ታሸንፍ ይሆናል። ግን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ምን እንዳስተማሩ ስማ። ቡኻሪና ሙስሊም ከእናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ፣ እሳቸው ራሳቸው ዳኛ ሆነው ሳለ ለተከራካሪዎች እንዲህ የሚል መልእክት ሰጡ፦ እኔም ሰው ነኝ፤ ከእናንተ አንዱ ከሌላው ይልቅ ክርክሩን ማሳመር ይችል ይሆናል፤ በሰማሁት መሠረት የወንድሙን ሐቅ ብፈርድለት ግን የቆረስኩለት የእሳት ቁራጭ ነውና አይውሰደው።

ሱብሓነላህ! የነቢዩ ፍርድ እንኳ ሐራሙን ሐላል የማያደርገው ከሆነ፣ የወረዳ ፍርድ ቤት ውሳኔ እንዴት ያደርገዋል? ዳኛው የሚፈርደው በቀረበለት ማስረጃ ነው። አላህ የሚፈርደው በሆነው ነገር ነው። የፍርድ ቤት ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዘህ ወደ ቤትህ ስትገባ፣ ልጆችህን የምታበላው የወንድምህን ሐቅ ከሆነ እሳት እያበላሃቸው ነው።

ሌላም አለ። ሕጋችን ይርጋ የሚባል ነገር አለው። የተለየ ጊዜ ካልተቀመጠለት በቀር ከውል የመጣ ጥያቄ በ10 ዓመት ይታገዳል። ተበዳሪው ይርጋን ጠቅሶ ከተከራከረ ከክሱ ነፃ ይወጣል። በአላህ ዘንድ ግን ይርጋ የለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሸሂድ እንኳ ከዕዳ በቀር ሁሉ እንደሚማርለት ነግረውናል። በአንድ ወቅት ዕዳ ያለበት፣ መክፈያም ያልተወ ሰው ጀናዛ ሲቀርብላቸው በእሱ ላይ መስገዱን ለሰሓባዎች ተዉት፤ የሰገዱበት አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ዕዳውን በእኔ ላይ አድርጉት ካሉ በኋላ ነው። የነቢዩን ሶላት ያዘገየ ነገር ቀላል ነው ትላለህ?

ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅን ለምን አንጽፍም? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ይሉኝታ ነው። "ወረቀት አምጣ ብለው አላመነኝም ይለኛል።" "እናቱ እንዴት ያዩኛል?" "ሰው ምን ይላል?" በትንሽ ከተማ ሁሉም ሰው ይተዋወቃል፤ ይሉኝታውም በዚያው ልክ ይከብዳል። አባቶቻችን ግን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ብለዋል። ደብረ ኤልያስ እኮ በቅኔ ትምህርት ቤቷ የምትታወቅ አገር ናት፤ የተጻፈ ነገር ክብር ለዚህ አገር ሰው እንግዳ አይደለም።

ደግሞም መጻፍ አለማመን አይደለም። የምትጽፈው ወንድምህ ሌባ ስለሆነ ሳይሆን ሁለታችሁም ስለምትረሱ፣ ሁለታችሁም ስለምትሞቱ ነው። አንተ ነገ ብትሞት ልጆችህ ማን ምን እንዳለበት በምን ያውቃሉ? እሱ ቢሞት ወራሾቹ ያልሰሙትን ዕዳ በምን አምነው ይክፈሉ? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሊናዘዝበት የሚገባ ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜው ተጽፎ ሳይቀመጥ ሁለት ሌሊት ሊያድር እንደማይገባው አስተምረዋል። ዕዳና አማና ከዚያ ኑዛዜ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

ከጎረቤቶቻችን ጋር ባለን ንግድም እንዲሁ ነው። በጎጃም ደጋ እኛ ጥቂት ነን። ገዢያችንም፣ ሻጫችንም፣ አበዳሪያችንም አብዛኛውን ጊዜ ክርስቲያን ጎረቤታችን ነው። የመስጂድን ኹጥባ አይሰማም፤ እስልምናን የሚያነበው ከእኛ ሚዛንና ከእኛ ቃል ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሲሞቱ የጦር ጥሩራቸው 30 ሷዕ ገብስ በዱቤ በወሰዱበት አንድ የሁዲ ዘንድ በመያዣነት ተቀምጦ ነበር። አያችሁ? ከሌላ እምነት ሰው በዱቤ ገዙ። ማረጋገጫ ሰጡ። "እኔ ነቢይ ነኝ፣ ቃሌ ይበቃል" አላሉም! ከመካ ሲሰደዱም ዓሊይን (ረ.ዐ) ወደኋላ ያስቀሩት፣ ሊገድሏቸው ያሴሩት የመካ ሰዎች እሳቸው ዘንድ ያስቀመጡትን አማና እንዲመልስ ነው።

የእኛ አገር ሙስሊም ነጋዴም በዚህ ስም የኖረ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ የጁቤ አካባቢ፣ የባሶ ገበያ የሚባል ትልቅ ገበያ ነበር። ከሰሜን የሚመጡ የጀበርቲ ነጋዴዎች ቡናውን፣ ወርቁንና ዝባዱን ይዘው አባይን ከሚሻገሩ የኦሮሞ ነጋዴዎች ጋር የሚገናኙት እዚያ ነበር። በዚያ ዘመን በአብዛኛው የደጋ አገር ሙስሊም ርስት አይኖረውም ነበር፤ እንጀራው ንግድና ሽመና ነበር። መሬት ለሌለው ነጋዴ ደግሞ ትልቁ ሀብቱ ስሙ ነው። ዛሬ አንተ ዕዳህን ስትክድ የምታባክነው የራስህን ስም ብቻ አይደለም፤ ከአያት የወረስነውን ጭምር ነው።

እሺ፣ እንዴት ልጻፍ? ትል ይሆናል። ቀላል ነው።

የአበዳሪና የተበዳሪ ሙሉ ስም። ገንዘቡ በአኃዝም በፊደልም። የተሰጠበት ቀን። የሚመለስበት ቀን። በአንዴ ነው ወይስ በየጊዜው? የሁለቱም ፊርማ። ከዚያ ምስክሮች። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1727 በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል በተዋዋዮቹ እንዲፈረምና በሁለት ምስክሮች እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። ቁርኣንም ያዘዘን ምስክር እንድናቆም ነው! ሁለት ቅጂ አድርጉና አንድ አንድ ያዙ። በመሀል ክፍያ ሲኖር ወረቀቱ ላይ ይጻፍና ይፈረም። ዕዳው ሲያልቅ "ተከፍሏል" ተብሎ ይፈረም፤ ዋናው ወረቀትም ይመለስ። ከፍሎ የጨረሰ ሰው ወረቀቱን ሳይቀበል ቢቀር እሱም ነገ ይጨነቃል።

"በቴሌብር ነው የላክሁለት፣ ማስረጃ አለኝ" የምትል እህቴ፣ ልብ በይ። ያ መልእክት ገንዘብ መላክሽን ያሳያል። ብድር ይሁን፣ ስጦታ ይሁን፣ የድሮ ዕዳሽን ስትከፍይ ይሁን አይናገርም። ወረቀቱ አሁንም ያስፈልግሻል።

ከብድር ሌላም ወጣቶቻችን በየጊዜው የሚወድቁባቸው ጉድጓዶች አሉ። ባጭሩ እንያቸው።

አንደኛ፣ ሽርክና። ሁለት ጓደኛሞች ወፍጮ ይተክላሉ፣ ወይም ባጃጅ ይገዛሉ። አንዱ ገንዘብ ያዋጣል፣ ሌላው ጉልበት። ትርፍ ሲመጣ ሁሉም ደስ ይለዋል፤ ኪሳራ ሲመጣ "እኔ እኮ ያበደርኩህ ነው" ይባላል። ገንዘቡ ብድር ነው ወይስ ድርሻ? ትርፉ እንዴት ይከፈላል? ኪሳራውስ? ከመጀመሪያው ቀን ጻፉት። ይህ ለፍርድ ቤት ብቻ አይደለም፤ ሐላሉ ከሪባ የሚለየውም በዚሁ ነው። ገንዘብ ሰጥቶ ኪሳራውን የማይካፈል፣ ቁርጥ ትርፍ ብቻ የሚጠብቅ ሰው ስሙን ሽርክና ቢለውም ነገሩ ሌላ ነው።

ሁለተኛ፣ ዋስትና። "ፈርምልኝ፣ ለስሙ ነው" ይባላል። ለስሙ የሚባል ዋስትና የለም! ዋስ ማለት እሱ ባይከፍል እኔ እከፍላለሁ ማለት ነው። ሕጉ በአንቀጽ 1922 ዋስትና በግልጽ እንዲሰጥ፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠንም እንዲጻፍ ይጠይቃል፤ መጠኑ ካልተጻፈ ዋጋ የለውም። እንግዲህ ከመፈረምህ በፊት አንብብ። መክፈል የማትችለውን አትዋስ፤ ከተዋስክ ደግሞ እንደ አቡ ቀታዳ ቃልህን ሙላ።

ሦስተኛ፣ መሬት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። ሰዎች ግን በስውር ይሸጣሉ፤ ሽያጩን ለመሸፈን የውሸት የብድር ውል ይጻፋል። "ይህን ያህል ተበድሬያለሁ" ተብሎ ይፈረማል፤ ብድር ግን የለም። ገዢው መሬቱን ቢነጠቅ የሚይዘው ነገር የለም። ሻጩ ቢሞት ልጆቹ በሌለ ዕዳ ይከሰሳሉ። ምስክሮቹ ደግሞ ያልሆነውን ሆነ ብለው ፈርመዋል፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከታላላቅ ወንጀሎች የቆጠሩት የሐሰት ምስክርነት ይህ ነው። አላህ ጻፉ ያለው እውነቱን እንጂ ውሸትን አይደለም።

ወለድ አገድም አለ። ገንዘብ አበድሮ፣ ዕዳው እስኪመለስ የተበዳሪውን መሬት እያረሱ ምርቱን መብላት ነው። በአገራችን የቆየ ልማድ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉም በስሙ ያውቀዋል። ግን ሕጉ የሚያውቀው ሁሉ ለእኛ ሐላል አይደለም። አበዳሪው በብድሩ ምክንያት የሚያገኘው ጥቅም ከሪባ እንደሚቆጠር ብዙ ዑለማዎች አስተምረዋል። ወለድም እንዲሁ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በግለሰቦች መካከል እስከ 12 በመቶ በጽሑፍ መዋዋልን ፈቅዷል፣ አራጣን ደግሞ የወንጀል ሕጉ ይቀጣል። ሙስሊም ግን 12ቱንም አንዱንም አይነካም። እንዲህ ያለ ውል ውስጥ ከገባህ ዛሬውኑ ዓሊም ጠይቅ።

አራተኛ፣ ደመወዝ። ሱቅህ ውስጥ የምታሠራውን ልጅ፣ በአጨዳ ቀን የመጣውን ሠራተኛ አስብ። ዋጋውን ሥራው ሳይጀመር ንገረው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ደግሞ ላቡ ሳይደርቅ እንድንከፍለው አዘውናል። ያለው ሰው ዕዳውን ማዘግየቱ ዙልም እንደሆነም ነግረውናል።

"ከተጣላን የት እንሂድ?" የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይመጣልናል። የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሁሉን ነገር አያይም። በፌዴራል ደረጃ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተሰጠው ሥልጣን በኒካሕ፣ በፍቺ፣ በቀለብ፣ በሞግዚትነት፣ በውርስ፣ በኑዛዜ፣ በሂባና በወቅፍ ላይ ነው፤ ያውም ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። የንግድ ዕዳና የኪራይ ክርክር ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ነው የሚሄደው። እዚያ ከመድረሳችሁ በፊት ግን ሽማግሌ አስቀምጡ። እርቅ መልካም ነው ብሎናል አላህ። እርቁም ሲያልቅ ይጻፍ!

አሁን ደግሞ ወደ አበዳሪው ልመለስ። ወረቀት ይዘሃል፣ ምስክር አለህ፣ ሕጉ ከአንተ ጋር ነው። ተበዳሪህ ግን በእውነት አጥቷል። እህሉ ጠፍቶበታል፣ ልጁ ታሞበታል። ያኔ ስለ ዕዳ ከሚናገረው ከዚያ ረጅም አንቀጽ ሁለት አንቀጽ ቀደም ብለህ 280ኛውን ክፈት። አላህ (ሱ.ወ) የተቸገረውን እስኪያገኝ ታገሱት፣ ብትምሩት ደግሞ ለእናንተ የተሻለ ነው ይላል። የምሕረቱ አንቀጽ ከመጻፉ አንቀጽ ቀድሞ መቀመጡን ልብ በል። የምትጽፈው ወንድምህን ለማነቅ አይደለም። ሐቁ ስንት እንደሆነ የታወቀ ዕዳ ብቻ ነው በግልጽ ሊማር የሚችለው። ያልተጻፈ ዕዳ አይማርም፤ በልብ ውስጥ ቂም ሆኖ ይቀመጣል።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር እናድርግ።

ዛሬ ከዐስር በኋላ ደብተር እናውጣ። ያለብንን ዕዳ ሁሉ፣ የ50 ብርም ቢሆን፣ ከነባለቤቱ ስም እንጻፍ። ለእናታችን፣ ለሚስታችን ወይም ለምናምነው ወንድም የት እንዳለ እንንገር።

በቃል የተበደርን ካለን አበዳሪው ሳይጠይቀን እኛው ሄደን "ና እንጻፈው" እንበለው። ቁርኣን ቃሉን የሚያስጽፈው ባለዕዳው ይሁን ብሎ የለ? የይሉኝታውን ሸክም ከአበዳሪው ትከሻ ያወረደው እንዲህ ነው። ወረቀት መጠየቅ ለሱ ይከብደዋል፤ ላንተ ግን ክብር ነው።

የካድነው፣ ያዘገየነው ወይም በይርጋ ያመለጥነው ሐቅ ካለ እንመልስ። ባለቤቱ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ ከሞተም ለወራሾቹ። ተውበት ያለ ሐቅ መመለስ አይሞላም።

አላህ ሆይ! ከዕዳ ክብደትና ከሰዎች የበላይነት በአንተ እንጠበቃለን። በሐላልህ አብቃቅተህ ከሐራምህ አርቀን። ሐቅ ያለባቸውን ወንድሞቻችን መክፈያ ስጣቸው፤ ሐቅ ያላቸውን ደግሞ ሰፊ ልብ ስጣቸው። የሰው ሐቅ በአንገታችን ይዘን አንተን ከመገናኘት ጠብቀን። ለአገራችንና ለጎረቤቶቻችን ሰላም ስጥ። አሚን፣ ያ ረበል ዓለሚን።

ይህን ማስታወሻ ዕዳ ላለበትም፣ ዕዳ ላለውም ወንድማችሁ አድርሱት። ጁሙዓ ሙባረክ!